የእብድ ውሻ በሽታ፦ ውሻ ለማናሳድግ ቤተሰቦችም



ስለ እብድ ውሻ ሲወራ ብዙዎቻችን ነገሩ የእኛ አይመስለንም። «እኛ ቤት ውሻ አይገባም» እንላለን፤ ወሬውም እዚያው ላይ ያበቃል። ውሻው ቤታችን ባይገባም እኛ ግን ከቤት እንወጣለን። ለፈጅር ሶላት ገና ሳይነጋ ወደ መስጂድ የሚሄድ አባት፣ ቁርኣን ለመቅራት ማልዶ ወደ መድረሳ የሚሮጥ የ8 ዓመት ልጅ፣ ከዒሻ በኋላ በጨለማ የሚመለሱ ሽማግሌ፣ ሁሉም የሚንቀሳቀሱት የሰፈሩ ውሾች መንገዱን በያዙበት ሰዓት ነው። የነከሰው ውሻ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለተነከሰው ሰው ምንም አይፈይድለትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች ይሞታሉ። አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ድሆች ሲሆኑ ከ100 ተጎጂዎች ወደ 40 የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። በሀገራችን በኢትዮጵያ በየዓመቱ ወደ 2,700 ሰዎች እንደሚሞቱ ይገመታል። ግምት የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ታማሚው ተስፋ ተቆርጦበት ቤቱ ሞቶ ስለሚቀበር በጤና ተቋም መዝገብ ላይ የማይሰፍረው ብዙ ነው።

የሚያሳዝነው በሽታው አዲስ አለመሆኑ ነው። መከላከያው ክትባት በፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር አማካይነት ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአዲስ አበባ ትልቅ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ በተመዘገበበት በ1903 ክትባቱ ከተገኘ 18 ዓመት ሆኖት ነበር። ዛሬም ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ልጆቻችን መከላከያ ባለው በሽታ ይሞታሉ። ለምን? ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከሆስፒታል ይልቅ በየግቢያችንና በየመንገዳችን ያለው ውሻ ዘንድ ይገኛል። ወደዚያ ከማለፋችን በፊት ግን ስለ በሽታው ጥቂት እንበል።

በሽታው በሰውነት ውስጥ

የበሽታው መንስኤ በታመመ እንስሳ ምራቅ ውስጥ የሚገኝ ቫይረስ ነው። ውሻው ሲነክስ፣ ወይም በቆሰለ ቆዳ፣ በዓይንና በአፍ ላይ ሲልስ ቫይረሱ ወደ ሰውነት ይገባል። እንደ ሌሎች ጀርሞች በደም አይሰራጭም፤ የነርቭን መስመር ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ አንድ ሳምንት ብቻ፣ አንዳንዴም ዓመት የሚሞላበት ጊዜ አለ። ንክሻው ወደ ራስ በቀረበ መጠን ጉዞው ያጥራል። ቁመታቸው ከውሻው አፍ ጋር የሚስተካከል ሕጻናት ፊታቸውና አንገታቸው ላይ ስለሚነከሱ የበለጠ የሚጎዱትም በዚህ ምክንያት ነው።

ቫይረሱ አንጎል ደርሶ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የተነከሰው ቦታ ላይ መቆጥቆጥ ወይም መደንዘዝ ይመጣል። ቀጥሎ ታማሚው ይቁነጠነጣል፤ ውሃ ሊጠጣ ሲል ጉሮሮው ይቆለፋል፣ ነፋስ ሲነካው ይደነግጣል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይቁነጠነጥ ሰውነቱ ሽባ እየሆነ ይሄዳል። በጥቂት ቀናት ውስጥም ይሞታል። «ጂን ነክቶት ነው» ተብሎ በየቤቱ የሚዞር እንዲህ ያለ ታማሚ ሲያጋጥማችሁ ባለፉት ወራት ውሻ ነክሶት እንደነበር ጠይቁ።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ከንክሻው እስከ ምልክቱ ያሉት ሳምንታት አላህ የሰጠን የማምለጫ ጊዜ ናቸው። በዚህ ጊዜ ተገቢው ሕክምና ከተደረገ በሽታውን ማስቀረት ይቻላል።

ሲነከሱ በመጀመሪያ ውሃና ሳሙና

ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ሙሉ 15 ደቂቃ እጠቡ። የልብስም ሆነ የገላ ሳሙና ይሆናል። 15 ደቂቃ በሰዓት ሲለካ ረጅም ነው፤ ብዙ ሰው ለ1 ደቂቃ አፍስሶ ያበቃል። ሳሙናው የቫይረሱን ሽፋን ያፈርሳል፣ ውሃውም ጠርጎ ያወጣዋል። ከዚያ አዮዲን ወይም አልኮል ካለ ይቀባ። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ የባትሪ ድንጋይ ቁስል ላይ አይደረግም።

እዚህ ላይ በተለይ የእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር እንዲታጠብ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸው በሙስሊም ዘገባ የታወቀ ነው። ከዚህ በመነሳት ቁስላቸውን በአፈር የሚያሹ ሰዎች አሉ። ሐዲሱ የሚናገረው ስለ ዕቃ ነው፤ በሌላው ላይ ያለውን ዝርዝር ፊቅህ ለዑለሞቻችን እንተወዋለን። በሕክምና በኩል ግን ክፍት ቁስል ላይ አፈር መክተት መንጋጋ ቆልፍ የተባለውን ሌላ ገዳይ በሽታ ይጋብዛል። ስለዚህ ቁስሉን በሳሙና አጥባችሁ፣ ወደ ሕክምና ሄዳችሁ፣ ስለ ጦሃራችሁ ደግሞ የሰፈራችሁን ዓሊም ጠይቁ። ልብሱ ሊቆይ ይችላል፤ ቁስሉ ግን አይቆይም።

ከታጠበ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በእድሜ የገፉ አንባብያን በሆድ ላይ ለ14 ቀናት በተከታታይ ይወጋ የነበረውን መርፌ ያስታውሳሉ። ያ ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረ ክትባት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር ከመከረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በሱ ፍርሃት ብቻ ከሕክምና የሚሸሽ ሰው ዛሬም ስላለ ነው ያነሳነው። አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ፣ ለሕጻናት ጭን ላይ የሚሰጥ ሲሆን እንደ መመሪያው 4 ወይም 5 ጊዜ በተወሰኑ ቀናት ይወሰዳል። ቁስሉ የደማ ከሆነ ዙሪያውን የሚወጋ ፀረ እንግዳ አካል የያዘ ሌላ መድኃኒትም ያስፈልጋል፤ በገጠር እምብዛም የማይገኘው ይኸኛው ነው። ቁስሉ ቶሎ አይሰፋ፤ መስፋት የግድ ከሆነም ይህ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ይሁን።

እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት ብትነከስ ክትባቱን ከመውሰድ የሚከለክላት ነገር የለም። በረመዷን የተነከሰም ሰው እስከ ማፍጠሪያ አይጠብቅ፤ የጡንቻ መርፌ ጾም እንደማያፈርስ አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለሞች ገልጸዋል። ክትባቱን ጀምሮ «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥም አደገኛ ነው፤ ምኑ ነው የሚሻለው? ቫይረሱ በጉዞ ላይ እያለ ሰውየው ምንም አይሰማውም።

የነከሰውን ውሻ ወዲያው መግደል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሊያዝ የሚችልና ባለቤት ያለው ከሆነ ታስሮ ለ10 ቀናት ቢጠበቅ ይሻላል። በ10 ቀናት ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነውና ሐኪሙ ክትባቱን ሊያስቆም ይችላል። ክትባቱ ግን 10 ቀኑን ሳይጠብቅ ይጀመራል።

ስለ ባህላዊ መድኃኒትም ሳንናገር አናልፍም። የእንዶድን ሥር የመሳሰሉ መርዛማነት ያላቸው ዕጾችን ለተነከሰ ሰው ማጠጣት በሀገራችን የቆየ ልማድ ነው። ብዙ ሰው «ጠጥቶ ዳነ» ይባላል፤ የነከሰው ውሻ ያላበደ ከሆነ ባይጠጣም አይታመምም ነበር። ሩቅያም፣ ዱዓም፣ ዘምዘምም መልካም ናቸው፣ ማንም አይከለክልም። አላህ በሽታን ያለ መድኃኒት እንዳላወረደ ያስተማሩን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል። ሰበቡን ሳያደርሱ «የአላህ ቀደር ነው» ማለት ተወኩል አይደለም።

እናቶች ሆይ፣ ልጆች ቁጣን ፈርተው ንክሻን ይደብቃሉ። ጥቂት የተጫረ ቦታ እንኳ ብታዩ ሳትቆጡ ጠይቁ። የመድረሳ ኡስታዞችም ለልጆቹ በወር አንዴ ቢያስታውሷቸው ሸክሙ ቀላል ነው።

ሆስፒታል ብቻውን ለምን አይበቃም?

እስካሁን ያልነው ሁሉ አንድ የተነከሰ ሰው እንዲተርፍ ነው። ነገር ግን የሰው ክትባት የፈለገውን ያህል ቢሰጥ በሽታው ከሰፈር አይጠፋም። የተነከሰው ልጅ ቢተርፍ ያበደው ውሻ ሌሎች ውሾችን ነክሷልና ከ2 ወር በኋላ ሌላ ልጅ ይነከሳል። የሰው ክትባት ውድ ነው፤ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ እንደልብ አይገኝም፤ ከገጠር የመጣ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ አለበት። ፍየሉን ሸጦ የመጣ አባት ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ገንዘቡ ያልቅበታል።

በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከ100 እጅ 99ኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። ስለዚህ ምንጩን መድፈን ይሻላል። እስከዚህ ሁሉም ይስማማል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ምንጩ እንዴት ይደፈን በሚለው ላይ ነው።

ለብዙዎች የመጀመሪያው መልስ «ይገደሉ» የሚል ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች የጎዳና ውሾችን መርዝ በተለወሰ ሥጋ መግደል ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። በሽታው ግን አልጠፋም። በኢንዶኔዥያ፣ ፍሎረስ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 ከሌላ ደሴት በመጡ 3 ውሾች በሽታው ገባ። ባለሥልጣናቱ ከደሴቲቱ ውሾች ግማሽ የሚሆኑትን አስገደሉ፤ በሽታው ግን እዚያው ቀረ። በ2008 ወደ ባሊ ደሴት ሲገባም ከ100,000 በላይ ውሾች ተገደሉ፣ በሽታው ግን ደሴቲቱን አዳረሰ። የሟቾቹ ቁጥር መቀነስ የጀመረው ከ2010 ወዲህ በመላ ደሴቲቱ ውሾቹን መከተብ ሲጀመር ነው።

መግደል የማይሠራበት ምክንያት ሲያስቡት ግልጽ ነው። ለመያዝና ለመግደል የሚቀሉት ለሰው የለመዱ፣ ምናልባትም የተከተቡ ውሾች ናቸው፤ ከሰው የሚሸሹት ያመልጣሉ። ባለቤቱ ውሻውን ለማዳን ወደ ሌላ ሰፈር ወይም ወደ ገጠር ዘመዱ ይወስደዋል፣ በሽታውም አብሮ ይጓዛል። የተገደለበት ሰው ደግሞ ግቢውን የሚጠብቅ ቡችላ ወዲያው ያመጣል፤ ያ ቡችላ አልተከተበም። ቆሻሻው እስካለ ድረስም ባዶ የሆነውን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጡ ውሾች ይይዙታል። መርዙንስ ልጅ ቢያነሳው? የጎረቤት ላም ብትበላው?

በሸሪዓችንም ነገሩ ሚዛን አለው። ሰውን የሚያጠቃ አደገኛ ውሻ በኢሕራም ላይ ያለ ሰው እንኳ ሊገድላቸው ከተፈቀዱት አምስት ጎጂ እንስሳት አንዱ ነው፤ ያበደ ውሻ ከዚህ ይመደባልና እሱን መግደል ላይ ክርክር የለም። ውሾችን በጅምላ ስለ መግደል ግን በሙስሊም እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያ አዝዘው ኋላ ከልክለዋል። የተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱንም ሁላችን በየኹጥባው ሰምተናል።

ከ100 ውሾች 70ው

እንግዲህ የቀረው ክትባት ነው። ቁጥሩም ይታወቃል፦ በአንድ አካባቢ ካሉ 100 ውሾች ቢያንስ 70ው በየዓመቱ ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል። ለምን ሁሉም መከተብ አላስፈለገም? አንድ ያበደ ውሻ በአማካይ በሽታውን የሚያስተላልፈው ለ1 ወይም ለ2 ሌሎች ውሾች ብቻ ነው። ከኩፍኝ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው። ከ10 ውሾች 7ቱ ከተከተቡ ያበደው ውሻ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የተከተበውን ነው፤ ሌላውን ሳያሳብድ ራሱ ይሞታል። 70ው ደግሞ መጠባበቂያ አለው። የውሻ ዕድሜ አጭር ነውና በዓመቱ ውስጥ ከተከተቡት ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ያልተከተቡ ቡችሎች ይተካሉ። ዘመቻው 40 ላይ ካቆመ ከጥቂት ወራት በኋላ የቀረው ለምንም አይበቃም። 70 ላይ ከደረሰ ግን እስከ ሚቀጥለው ዓመት ዘመቻ ያደርሳል።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በድሃ ሀገር ይሠራል ወይ? እንደ እኛው ድሃ የሆነችውንና ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩባትን የቻድን ዋና ከተማ ንጃሜናን እንመልከት። በከተማይቱ በ2002 የውሾች ክትባት በነጻ ሲሞከር ሕዝቡ ውሻውን ይዞ መጣ፤ ከውሾቹ ከግማሽ እጅግ የሚበልጡት ተከተቡ። በ2006 ባለቤቶች እንዲከፍሉ ተደርጎ ሲሞከር ግን የተከተቡት ከ100 ውሾች 24 ያህሉ ብቻ ሆኑ። ውሻው ያው ነው፤ ሰዉም ያው ነው፤ የተለወጠው ክፍያው ነው። ለዕለት ጉርሱ የሚያስብ ሰው ለውሻ ክትባት ኪሱን አይዳብስም፤ አትፍረዱበት።

ከዚያም በ2012 እና በ2013 ከተማይቱን በሙሉ ያዳረሰ ነጻ ክትባት ተሰጠ። በሁለቱም ዘመቻዎች ከ100 ውሾች ወደ 71 የሚሆኑት ተከተቡ። ከጥር 2014 ጀምሮ ለ9 ወራት ያህል የበሽታው መተላለፍ ቆመ። ትልቅ የአፍሪካ ከተማ በሁለት ዘመቻ ብቻ!

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በሽታው ተመልሶ መጣ። በዙሪያው ባለው ገጠር ክትባቱ ስላልተሰጠ ከውጭ ወደ ከተማዋ የገቡ ውሾች ይዘውት ገቡ። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከንጃሜና የምንማረው ከፍተኛው ነገር ይህ ነው፦ አንድ ከተማ ብቻውን ሊያመልጥ አይችልም፤ አንድ ዓመትም አይበቃም። አዲስ አበባ ብትከተብና ሰንዳፋ፣ ሰበታና ቡራዩ ባይከተቡ ውጤቱ ያው ይሆናል።

ጎረቤት ዘልቀው የተሳካላቸውም አሉ። የላቲን አሜሪካ ሀገሮች ከ1983 ጀምሮ በየዓመቱ በነጻ በመከተብ በሽታውን ወደ ጥቂት ቦታዎች ወስነውታል፤ ሜክሲኮ በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ በማጥፋት የመጀመሪያዋ ሀገር ተብላለች። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነው ባንግላዴሽ ደግሞ ከ2010 በኋላ ግድያውን እየተወች የውሾችን ጅምላ ክትባትና ለተነከሱ ሰዎች ነጻ ሕክምናን በማጣመሯ የሟቾቿ ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ ያስቀመጡት ግብ እስከ 2030 ከውሻ በሚመጣ በሽታ አንድም ሰው እንዳይሞት ነው። በኛ በኩል የውሻው ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም እዚሁ ሀገር ውስጥ ይመረታል። የጎደለው በየዓመቱ፣ በነጻ፣ ሁሉንም ቦታ የሚያዳርስ ዘመቻ ነው።

ውሻውን ማን ይዞ ይምጣ?

ዘመቻው ቢመጣስ ዝግጁ ነን? አንድ የእንስሳት ሐኪም በቀን ብዙ ውሾች ሊከትብ የሚችለው ባለቤቱ ውሻውን ይዞ ካቀረበለት ነው። ለዚህ ደግሞ ውሻው ሰው ይዞት የሚያውቅ፣ ገመድ የለመደ መሆን አለበት። እውነቱን እንነጋገር፦ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ለከብት፣ ለእርሻ ወይም ለግቢ ጥበቃ ውሻ አላቸው። ለእነዚህ ዓላማዎች ውሻ መያዝ በሐዲስ የተፈቀደ መሆኑም ይታወቃል። ነገር ግን ነጃሳን በመሸሽ ማንም አይነካውም። ትርፍራፊ ይወረወርለታል፤ ማታ ይለቀቃል፤ ስም እንኳ የለውም። የክትባቱ ቀን ሲደርስ «የኛ አይደለም» ይባላል። ከተቆጠሩት 100 ውሾች ውስጥ 70 እንዳይሞላ ከሚያደርጉት አንዱ ይህ የኛ ውሻ ነው።

በሀገራችን ብዙ ሰው በሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ ውሻ ነጃሳ ቢሆንም ደረቅ እጅ ደረቅ ውሻ ሲነካ ነጃሳው አይተላለፍም። ማሊኪያዎች ደግሞ ውሻ በሕይወት እስካለ ጦሃር ነው ይላሉ። በየትኛውም መዝሀብ ቢሆን ለአስፈላጊ ጉዳይ ነጃሳ የነካ ሰው ይታጠባል እንጂ ወንጀል ሠራ አይባልም። የልጆችን ሽንት ጨርቅ ስታጥብ የኖረች እናት ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ ውሻ ያላችሁ ቡችላ ሳለ ጀምሮ አንገቱን በገመድ አስለምዱት፤ ከቤተሰቡ አንድ ጎልማሳ ሰው ለውሻው ኃላፊ ይሁን። ልጅ እየጎተተ አያምጣው፤ በክትባት ቀን የሚነከሱት ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው። «ገና ትንሽ ነው» ብላችሁ ቡችላውን ቤት አትተዉት፤ በዘመቻ ወቅት ከ3 ወር በታች ያሉትም እንዲከተቡ ይመከራል። የሚሰጣችሁንም ወረቀት ከሌላው የቤተሰብ ሰነድ ጋር አስቀምጡ፤ ውሻው ሰው ቢነክስ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ውሻ የሌላችሁስ? በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በከተማችሁ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ዘመቻ መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ ለጀመዓው ማሳወቅ ትችላላችሁ። ከጁሙዓ በኋላ በኢማሙ አንደበት የተነገረ አንድ ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሥር ወረቀት ይበልጣል። እድርና ቀበሌ፣ መስጂድና ቤተ ክርስቲያን ተነጋግረው ቀኑን ቢያሳውቁ የበለጠ ነው፤ ውሻው ሃይማኖት ለይቶ አይነክስም።

ሌላው ቆሻሻ ነው። በአረፋ ዕለት የታረደው ኡዱሒያ ሆድ ዕቃው፣ ሰንበሩና ደሙ መንገድ ዳር ሲጣል ውሾች ከየሰፈሩ ይሰበሰባሉ፤ እርስ በርስ ሲናከሱም በሽታው ይሻገራል። ጥሬ ሳንባና ጉበት የበላ ውሻ በተጨማሪ የኮሶ ዘር የሆነ ትል ይይዘውና በሰው ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ዕጢ የሚያስከትለውን በሽታ ያስተላልፋል። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ባሌ ላይ ከብት የሚጠብቁ ወገኖቻችን ውሻቸውን ማስከተብ ሌላም ጥቅም እንዳለው ያውቃሉ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘውና ቁጥሩ ከ500 በታች የሆነው ቀይ ቀበሮ በሽታውን የሚይዘው ከእረኞች ውሾች ነው። በ2003 እና በ2004 በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከ4ቱ 3ቱ ያህሉ በዚሁ በሽታ አልቀዋል። ከብቶቻቸውም በዚያው ውሻ ይነከሳሉ።

የተነከሰች ላም ሥጋና ወተት

ከብት ከተነሳ ዘንድ ከምግብ ጋር የተያያዘውን ጉዳይ እናንሳ። እብድ ውሻ የነከሳት ላም «ሳትሞት እንረዳት፣ ሐላል ትሁን» ተብላ በጥድፊያ ስትታረድ እናያለን። ያበደ ከብት ምልክቱ ይለያያል፦ ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ሰው ይወጋል፣ ወይም ኋላው እየደከመ ይወድቃል። አንዳንድ ባለከብት ጉሮሮዋ ላይ አጥንት የተሰነቀረ መስሎት እጁን አፏ ውስጥ ይከትታል። ይህን በፍጹም አታድርጉ! ቫይረሱ ያለው እዚያው ምራቁ ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለ ምልክት ያሳየ ከብት መታረድም መበላትም የለበትም። በደንብ የበሰለ ሥጋና የተፈላ ወተት ቫይረሱን ቢገድሉትም ከማንም በላይ አደጋ ላይ የሚወድቀው አራጁና ሥጋውን የሚበልተው ሰው ነው፤ ጭንቅላቱን፣ ምላሱንና የጀርባ አጥንቱን ሲከፍት በተቆረጠ ጣቱ ቫይረሱ ሊገባ ይችላል። ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተትማ ከነጭራሹ አይነኩም። ምልክት ያላሳየ ነገር ግን የተነከሰ ከብት ካላችሁ ከመንጋው ለይታችሁ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ፤ ሳታማክሩ ቢላ አታንሱ። የታመመ ከብት ያረዳችሁ፣ አፉ ውስጥ እጃችሁን የከተታችሁ ወይም ጥሬ ወተቱን የጠጣችሁ ካላችሁ ደግሞ እንደተነከሰ ሰው እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና የሆነውን ሁሉ ንገሩ። የሞተውን ከብት በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት፤ ለውሻ አትጣሉት።